ደመወዝ ጨምረንም ነባር ባለሙያዎቻችን እየለቀቁብን ነው፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ጠያቂ፦ የማተሚያ ቤት ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ 46 ሠራተኞች ያሉትን መካከለኛ ማተሚያ ቤት ማስተዳደር ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። መጻሕፍት፣ መጽሔቶች፣ የመድኃኒት ማሸጊያዎችና የድርጅቶች የቀን መቁጠሪያ እናትማለን። በእኛ ሙያ ነሐሴና ጳጉሜን ለሥጋ ቤት እንደ ፋሲካ ዋዜማ ናቸው፤ ለአዲስ ዓመት የሚታደለው የቀን መቁጠሪያና አጀንዳ በእነዚያ ሳምንታት ተጠናቅቆ ካልወጣ፣ መስከረም ከጠባ በኋላ ደንበኛው እንኳን ሊከፍልበት ሊያየውም አይፈልግም።

ባለፈው ሐምሌ፣ ሥራው ሊጠነክር ሲል፣ ሁለት የኦፍሴት ማሽኒስቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ መልቀቂያ አስገቡ። አንደኛው 9 ዓመት፣ ሁለተኛው 6 ዓመት አብረውን የሠሩ ናቸው። ባለፉት 12 ወራት በአጠቃላይ 17 ሰዎች ለቅቀውብናል። ጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ሲለቅ በሳምንት ውስጥ ምትክ ይገኛል፤ በባለ አራት ቀለም ማሽን ላይ የቀለሙን ሚዛን በዓይኑ አይቶ የሚያስተካክል ማሽኒስት ግን ማስታወቂያ ስለ ለጠፉ ብቻ አይገኝም።

እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሠራተኛው ኑሮ ምን ያህል እንደ ከበደ ስለምናውቅ፣ ከመስከረም ጀምሮ ለሁሉም ሠራተኛ 15 በመቶ ጭማሪ አደረግን። የማሽኒስቶቻችን ደመወዝ ከጭማሪው በፊት 22,000 ብር ነበር። ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ባለቤቶቹ ከዚህ በላይ አንችልም ብለዋል። ከጭማሪው በኋላ ግን ሌሎች ሦስት ሰዎች ለቀቁ። ደብዳቤዎቻቸውን ደርድሬ ሳያቸው ሁሉም «በግል ጉዳይ ምክንያት» ይላሉ። ከባለቤቶቹ አንዱ ከእንግዲህ የምናሠለጥነውን ሰው ሁሉ በውል እንሰረው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል፤ እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። በዚህ ጉዳይ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ

በመጀመሪያ 17 የሚለውን ቁጥር ይበትኑት። በ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ውስጥ የሄደ ሰው የሚነግርዎት ስለ አቀጣጠርዎ ነው፤ ምናልባት በቃለ መጠይቁ ላይ የተነገረውና ሥራው ላይ የተገኘው አልተገናኙም። ከ6 ወይም ከ9 ዓመት በኋላ የሄደ ሰው ግን ቤቱን ጓዳ ጎድጓዳው ድረስ አውቆት የሄደ ነው። ሁለቱን ደምሮ አንድ መፍትሔ መፈለግ ለወባና ለጨጓራ አንድ ክኒን እንደ ማዘዝ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱን የሥራ መደብ፣ የቆይታ ዘመን፣ የቅርብ አለቃውንና የለቀቀበትን ወር ይጻፉ። የአንድ አለቃ ስም ከሌሎቹ በዝቶ ቢገኝ እኔ አልደነቅም።

«በግል ጉዳይ» የሚለውን ቃል እርስዎም አይመኑት። በአገራችን የመልቀቂያ ደብዳቤ እንደ ሠርግ መጥሪያ ካርድ ነው፤ የሁሉም ቃል አንድ ነው። ሠራተኛው የሥራ ልምድ ማስረጃውን የሚፈርምለትም ክሊራንሱን የሚያጸድቅለትም ያው የሸሸው አለቃ በመሆኑ፣ ትቶት በሚሄደው ቤት ላይ ቅሬታውን አስፍሮ ራሱን የሚያስጠምድበት ምክንያት የለውም። እኔ የምሠራው ከለቀቀ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ አለቃው ያልነበረ ሰው ደውሎለት ቡና እየጠጡ እንዲጠይቀው በማድረግ ነው። ያን ጊዜ ወረቀቱን ሁሉ ተቀብሎ ስለ ጨረሰ የሚፈራው ነገር አይኖርም።

አሁን ወደ ጭማሪው ልምጣ። 15 በመቶው ለባለቤቶቹ ትልቅ፣ ለማሽኒስቱ ትንሽ የሆነበትን ምክንያት በቁጥር ላሳይዎት። የ22,000 ብር 15 በመቶ 3,300 ብር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ስለሚከፈልበት 1,155 ብሩ ለግብር ይሄዳል፤ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ማለትም 231 ብር ሲቀነስ ወደ እጁ የሚገባው 1,914 ብር ነው። ድርጅቱ ደግሞ በራሱ በኩል 11 በመቶ ጡረታ ስለሚከፍል ወጪው 3,663 ብር ይሆናል። እናንተ 3,663 ብር አውጥታችሁ እሱ 1,914 ብር አግኝቷል ማለት ነው፤ ሁለታችሁም ቅር ብትሰኙ አይፈረድባችሁም። ከግብር ነጻ የሆነ የትራንስፖርት አበል ምን ያህል መክፈል እንደምትችሉ ከሒሳብ ባለሙያችሁ ጋር ብትመለከቱ ተመሳሳዩ ወጪ የተሻለ ያደርሳል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እጠረጥራለሁ። ሁለቱ በሐምሌ ከለቀቁ ነሐሴን ያለ ማሽኒስት አላለፋችሁትም። በጥድፊያ የቀጠራችሁትን ሰው በስንት ብር ቀጠራችሁት?

መልስ 2፦ የቀድሞ ማሽኒስት

እኔ 27 ዓመት ማሽን ላይ ቆሜአለሁ፤ ዛሬ የራሴ አነስተኛ ማተሚያ አለኝ። የመጀመሪያውን ቤት የለቀቅሁት በ11ኛው ዓመቴ ነበር፤ የሄድሁበት ቤት የሚከፍለኝ ከቀድሞው በ400 ብር ብቻ ይበልጥ ነበርና ሰው ሁሉ ለ400 ብር ብሎ አዝኖብኛል።

የምሠራባት ባለ ሁለት ቀለም ሃይደልበርግ የኅትመት ማሽን አንዱ የቀለም ሮለሯ አርጅቶ ጎማው ጠንክሮ ነበር። ጎማው ሲጠነክር ቀለሙን እኩል ስለማያስተላልፍ ወረቀቱ ላይ መስመር ይጥላል፤ በየጥቂት መቶው ማሽኑን አቁሞ መጥረግ፣ ማስተካከል፣ እንደገና ማስነሣት ነው። ሮለሩ ይቀየርልኝ ብዬ ስምንት ወር ሙሉ ጻፍሁ፣ ተናገርሁ። «በሚቀጥለው ግዥ» ይሉኛል፤ የሚቀጥለው ግዥ ሲመጣ ሌላ ነገር ይገዛበታል። አንድ ቀን የአንድ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ስናትም ወደ ስድስት ሪም ወረቀት ተበላሸ። ኃላፊው ሮለሩንም ሳያይ፣ እኔንም ሳይጠይቅ የወረቀቱ ዋጋ ከደመወዜ እንዲቆረጥ አዘዘ። ገንዘቡ የሚያስርብ አልነበረም። ነገር ግን በወሩ መጨረሻ የደመወዝ ወረቀቴን ስቀበል ከተቀናሹ አጠገብ «በጥፋት» የሚል ቃል ተጽፎ አየሁ። በዚያ ዕለት ማታ እጄን በነጭ ጋዝ እየታጠብሁ ነው ለመልቀቅ የወሰንሁት። በመልቀቂያ ደብዳቤዬ ላይ ግን እኔም የጻፍሁት «በግል ጉዳይ» ብዬ ነው፤ ከላይ የጻፉት ባለሙያ እውነታቸውን ነው።

የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እኔ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ሮለሩ ተቀየረ። በእኔ ቦታ የመጣው ልጅ «በዚህ ሮለር አልሠራም» ብሎ እንደ ቅድመ ሁኔታ ስላስቀመጠ ገዙለት። 11 ዓመት ያገለገለው ስምንት ወር ለምኖ ያላገኘውን፣ ገና ያልገባው ሰው በአንድ ቃል አገኘው። ይህን ስሰማ መልቀቄ ትክክል እንደ ነበር አወቅሁ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ቢሮ ጠርተው «ምን ቅር አለህ?» ማለት ይቅርና ማሽኑ ዘንድ ሄደው ይቁሙ የሚል ነው። ማሽኒስት ቢሮ ውስጥ ወንበር ሲሰጡት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ብሎ ይወጣል። ማሽኑ አጠገብ ግን ሳይጠየቅ ይናገራል፤ ይህ ይንኳኳል፣ ይህ ያፈሳል፣ ይህን ከጠየቅሁ ዓመት ሆነኝ ይላል። የሚለውን ይጻፉ፤ ከዝርዝሩ ርካሹን በዚያው ሳምንት ያስተካክሉ። ሌላው፣ በነሐሴ ሌሊት ሰባትና ስምንት ሰዓት ድረስ የምታሠሩት ሰው በምን ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ያውቁ ይሆን? ለሁለት ወር አንድ ሚኒባስ በኮንትራት መያዝ ማሽን ለአንድ ቀን ከመቆም ይቀላል።

መልስ 3፦ የሕግ ባለሙያ

በውል ማሰር ስለሚለው ሐሳብ ጥቂት ልበል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በማንኛውም ጊዜ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ቢሄድም ለአሠሪው የሚከፍለው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ድርጅቱ በእርግጥ ገንዘብ ያወጣበት ሥልጠና ካለ፣ ለምሳሌ አዲስ ማሽን ሲገዛ ሠራተኛውን ውጭ አገር ልኮ ቢያሠለጥን፣ ለተወሰነ ጊዜ የማገልገል ግዴታ በጽሑፍ መዋዋል የተለመደ ነው፤ አዋጁም ስለ ሥራ ስንብት ክፍያ ሲደነግግ እንዲህ ያለ ግዴታ ሊኖር እንደሚችል ታሳቢ አድርጓል። ሆኖም ማሽኒስቱ ጎን ቆሞ ረዳቱን ማስተማሩን «ሥልጠና» ብሎ በውል ማሰር፣ ክርክር ቢነሣ ወጪውን በማስረጃ ማሳየት የማይቻልበት በመሆኑ አልመክርም።

በዚህ ርእስ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነጥብ አለ። 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚጠይቅበት ሁኔታ በአዋጁ ተደንግጓል፤ ስሌቱም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ሲሆን ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በመሆኑም 5 ዓመት የሞላው ሰው የመውጫ በሩ ትንሽ ይሰፋለታል። የለቀቁባችሁ ሰዎች 5ኛ ዓመታቸውን በተሻገሩ ማግስት እየሄዱ ከሆነ ይመልከቱ፤ ከሆነም የደረጃ እድገት ወይም የተለየ ጥቅም መስጠት የሚገባችሁ በአራተኛው ዓመት ላይ ነው።

የቀድሞው ማሽኒስት የጠቀሱት የደመወዝ ቅነሳ እንዲሁ በኃላፊ ትእዛዝ የሚፈጸም አይደለም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ደመወዝ አይቆረጥም፤ ሲቆረጥም በወር ከአንድ ሦስተኛው አያልፍም። የትርፍ ሰዓት ክፍያችሁንም ፈትሹ፤ በቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓላት 2.5 እጥፍ ነው። በነሐሴ ለሁሉም በጅምላ «የሥራ ማበረታቻ» እየተባለ የሚሰጥ ገንዘብ ይህን አይተካም።

መልስ 4፦ የስፌት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ

እኔ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ በመስመር ተቆጣጣሪነት ሠርቻለሁ። ስለ ሠራተኛ ፍልሰት ሲወራ የእኛ ዘርፍ ዘወትር በምሳሌነት ይነሣል፤ ብላትማንና ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በ5 የኢትዮጵያ ድርጅቶች ላይ ባደረጉትና በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ከተቀጠሩት ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ለቀው ተገኝተዋል። እኛ ጋ የሚመጡት በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ፓርኩ ሲከፈት የቤት ኪራይ ስለ ናረ አራትና አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ ከኪራይና ከምግብ በኋላ የሚተርፋቸው ስለሌለ ብዙዎቹ ወደ ቤተሰባቸው ይመለሱ ነበር። እዚያ መድኃኒቱ መኖሪያና ምግብ ነበር።

ይህን የማነሣው የእርስዎ ችግር ሌላ መሆኑን ለማሳየት ነው። ማሽኒስትዎ ወደ ገጠር አልተመለሰም፤ ሁለት ጎዳና ተሻግሮ ያንኑ ሥራ እየሠራ ነው። ሥራውን አልጠላም ማለት ነው። ከላይ ከተሰጡት ምክሮች ጋር ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም፦ የቱንም ያህል ቢደክሙ የሚሄድ ሰው አለ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ረዳት እስከ ሰኔ ድረስ ብቻውን ማስነሣት እንዲችል ማብቃት አለባችሁ። ማሽኒስቱ «ምትኬን እያዘጋጁ ነው» ብሎ እንዳይሰጋ ደግሞ ላስተማረበት ይከፈለው። እኛ ዘንድ ያለ ክፍያ አስተምሩ ሲባሉ ነባሮቹ ዋናውን ዘዴ ለራሳቸው ያስቀሩት ነበር፤ እኔም ብሆን አስቀር ነበር።

መልስ 5፦ የማተሚያ ቤት ሥራ አስኪያጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለውን ወረቀት ትናንት ማታ ሠራሁት። ከ17ቱ 8 የሚሆኑት በሙከራ ጊዜ የሄዱ የጥረዛ ክፍል ረዳቶችና ጥበቃዎች ናቸው፤ ለዚህ ጉዳይ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ከ4 ዓመት በላይ ቆይተው የሄዱት 5 ሲሆኑ አምስቱም የኅትመት ክፍሉ ናቸው፤ የኅትመት ክፍሉ ደግሞ ያለው አንድ ፎርማን ነው። ፎርማኑ ማሽን ቢፈታ መልሶ የሚገጥም ብርቱ ሰው ስለሆነ ስሙን ከጥርጣሬ ውጭ አድርጌው ኖሬአለሁ።

የመጀመሪያው መላሽ ያነሡት ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። በነሐሴ የቀጠርነውን ማሽኒስት ያመጣነው በ27,000 ብር ነው። አማራጭ ስላልነበረን የጠየቀውን ሰጠን። ከእኛ ጋር የቀረው ሦስተኛው ነባር ማሽኒስት ከ15 በመቶው ጭማሪ በኋላ የሚያገኘው 25,300 ብር ነው። አዲሱን ሰው ማሽናችንን ያለማመደው እሱ ነው፤ የቀለም ቁልፎቹን፣ የትኛው የወረቀት መጋቢ እንደሚይዝ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ ደንበኞቻችን የትኛውን ሰማያዊ እንደሚቀበሉ እንደማይቀበሉ ሁሉ አንድ በአንድ ያሳየው። ደመወዝ ምስጢር ነው እንላለን እንጂ የደመወዝ ወረቀት የሚታደለው በአንድ መስኮት፣ በአንድ ቀን ነው። ይህ ሰው ባለፈው ማክሰኞ መልቀቂያ አስገብቷል። እስካሁን ያልጻፍሁት አፍሬ ነው። የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ገና 23 ቀን ይቀረዋል።

ከባለቤቶቹ ጋር ዛሬ ተነጋግሬ የእሱ ደመወዝ ቢያንስ ከአዲሱ በላይ እንዲሆን ተስማምተዋል። ይህን ይዤ ልጥራው ወይስ አሁን ዘግይቷል?

መልስ 6፦ የቀድሞ ማሽኒስት

አይጥሩት፤ ሄደው ያግኙት። ብሩንም አስቀድመው አይናገሩ። መልቀቂያ ሲያስገባ ብቻ ብር የሚገኝ ከሆነ፣ ሌሎቹም ብር የሚገኘው በመልቀቂያ ነው ብለው ይማራሉ። መጀመሪያ ስለ 27,000ው ራስዎ ያንሡለት፤ እንደሚያውቅ ያውቃሉና። ስሕተቱ የእርስዎ እንደሆነ ይንገሩትና፣ የእሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ነባሮች ደመወዝ እየተመለከታችሁ መሆኑን በወረቀት ያሳዩት። ከዚያ ስለ ማሽኑ ይጠይቁት። እንዲያም ሆኖ ሊሄድ ይችላል፤ ለሌላው ቤት ቃል ሰጥቶ ከሆነ ቃሉን አያጥፍም። ከሄደም የሥራ ልምዱን በዕለቱ ጽፈው ይስጡት፤ ቀሪ ክፍያውንም አያጓትቱ። በር ተከፍቶለት የሄደ ሰው ይመለሳል፤ እኔ ሁለት ሰው እንዲሁ ተመልሶልኛል።

መልስ 7፦ የሕግ ባለሙያ

ቀሪ ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል እንዳለበት ልጨምር። በአሠሪው ጥፋት ሲዘገይ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ድረስ ሊያስጨምር ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃም ሠራተኛው ሲጠይቅ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ግዴታ እንጂ ውለታ አይደለም።

መልስ 8፦ የማተሚያ ቤት ሥራ አስኪያጅ

ነገ ጠዋት ማሽኑ ሳይነሣ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እወርዳለሁ። ዛሬ ከመጋዘን የጥያቄ ወረቀቶቹን አስወጥቼ አገላበጥሁ፤ በእሱ ስም የተጻፉ ሦስት የመለዋወጫ ጥያቄዎች አሉ፤ የመጀመሪያው የተጻፈው በጥር ነው፤ ሦስቱም ላይ የፎርማኑ «ይቆይ» የሚል ፊርማ አለ። እነሱን ይዤ ነው የምሄደው።